አንድ ሕይወት፣ ብዙ ስም፦ ከባሕር ሃይድሮይዶች እስከ ቆቃ ቢልጫ

መግቢያ

በቆቃ የግድብ ሐይቅ ዳርቻ ከመረብ የሚወጣው ዓሣ በአሥጋሪውም በነጋዴውም ዘንድ በጥቂት ስሞች ተለይቶ ይታወቃል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ቢልጫ የሚባለው ባለ ሰፋፊ ቅርፊት ዓሣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወደ ጥናት ሠንጠረዥ ሲገቡ ሳይንሳዊ ስማቸው እምብዛም አያከራክርም። አራተኛው ግን በአንዱ ጽሑፍ «ባርቡስ ኢንተርሜዲየስ»፣ በሌላው «ላቤኦባርቡስ ኢንተርሜዲየስ»፣ በሦስተኛው ደግሞ ዝርያው ሳይገለጽ «ባርቡስ» ተብሎ ብቻ ይገኛል። ልዩነቱ የአጻጻፍ ልማድ ብቻ ቢመስልም ከበስተጀርባው ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ የስያሜ ታሪክ አለ። ከታሪኩም ጋር አንድ ያልተቋጨ ጥያቄ ይከተላል፤ የዝርያ ወሰን የሚሰመረው በሚታየው የአካል ቅርጽ ነው ወይስ ቅርጹን በሚሸከመው የዘር መሥመር?

ይህ ጥያቄ የዓሣ ተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። ከእነርሱ ቀድመው በጥብቅ የተፈተኑበት የባሕር ሃይድሮይዶችንና ከእነርሱ የሚወጡትን ጄሊፊሾች ያጠኑ ሰዎች ናቸው። ከዚህ በታች በመጀመሪያ የስያሜ ሕግ ምን እንደሚወስንና ምን እንደማይወስን ይብራራል። ቀጥሎ የሃይድሮይዶች ምሳሌ ይቀርባል። ከዚያም የጣናና የስምጥ ሸለቆ ቢልጫዎች ታሪክ ተተንትኖ በቆቃ ለሚደረግ ጥናት የሚሰጠው ትምህርት ይታያል። ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ የሚወስነውና የማይወስነው

የእንስሳት ሳይንሳዊ ስያሜ መነሻው ካርል ሊኔየስ በ1758 ያወጣው የ«ሲስቴማ ናቱሬ» 10ኛ እትም ነው። ከዚያ ወዲህ የተሰጡ ስሞች የሚዳኙት በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው 4ኛው እትም ከጥር 2000 መባቻ ጀምሮ ይሠራበታል። ደንቡ የቆመባቸው ሁለት ምሰሶዎች አሉ። አንደኛው ቅድሚያ ነው፤ ለአንድ ዝርያ ሁለት ስሞች ተሰጥተው ከተገኙ በመርህ ደረጃ አስቀድሞ የታተመው ይጸናል። ሁለተኛው ዓይነተኛ ናሙና ነው፤ እያንዳንዱ የዝርያ ስም በአንድ ሙዚየም ከተቀመጠ ተጨባጭ ናሙና ጋር ይታሰራል። የዝርያው መግለጫ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስሙ ያንን ናሙና ተከትሎ ይሄዳል።

ደንቡ በስም ላይ እንጂ በዝርያ ወሰን ላይ አይፈርድም። ሁለት ናሙናዎች የአንድ ዝርያ አባላት ናቸው ወይስ የሁለት የሚለውን የሚወስነው ተመራማሪው ነው፤ ደንቡ የሚገባው ውሳኔው ካለቀ በኋላ የትኛው ስም ይጽና ሲባል ነው። በስያሜ ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ከደንቡ አንጻር እንከን የሌለው ስም ከሥነ ሕይወት አንጻር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በተፈጥሮ በእርግጥ የተለየ ዝርያም ያለ ስም ሊቀር ይችላል።

የቢልጫ ስም ራሱ የደንቡን አሠራር ለማሳየት ይበቃል። ዝርያው በመጀመሪያ በባርቡስ ወገን ሥር «ባርቡስ ኢንተርሜዲየስ» ተብሎ ተሰየመ። ትልልቆቹ የአፍሪካ ባርቡሶች ከአውሮፓ ዘመዶቻቸው ተለይተው ላቤኦባርቡስ ወደሚባለው ወገን ሲዛወሩ የዝርያው መጠሪያ አልተለወጠም፤ ወገኑ መለወጡን ለማመልከት ግን የሰያሚው ስምና ዓመት በቅንፍ ገቡ። ቅንፉ የተዘነጋበት ጽሑፍ ዓሣው ከመጀመሪያው በላቤኦባርቡስ ሥር እንደተሰየመ አድርጎ ይናገራል። ዓመቱም ቢሆን በአንዳንድ ጽሑፎች 1835፣ በሌሎች 1836 ተብሎ ይገኛል። ቅድሚያ በሚዳኝበት ሥርዓት እንዲህ ያለው የአንድ ዓመት ልዩነት እንደ ቀላል ነገር አይታለፍም።

ሁለት አካል ያለው እንስሳ

ሃይድሮይድ የሚባለው እንስሳ በባሕር ውስጥ በድንጋይ፣ በዛጎል ወይም በባሕር ሣር ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሲያዩት ትንሽ ቁጥቋጦ የሚመስል ፍጥረት ነው። ቁጥቋጦው ፖሊፕ ከሚባሉ በርካታ ጥቃቅን አካላት የተገነባ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፖሊፕ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ መያዣ ክንዶች አሉት። በብዙ ዝርያዎች ከዚህ ቁጥቋጦ ላይ እንደ እምቡጥ የሚያቆጠቁጡ አካላት ተላቀው በውኃ ውስጥ መዋኘት ይጀምራሉ፤ እነዚህ ሜዱሳ ወይም ጄሊፊሽ የሚባሉት ናቸው። ሜዱሳዎቹ እንቁላልና የወንድ ዘር ያፈራሉ። ከተዳቀለው እንቁላል የሚወጣው እጭ ጥቂት ዋኝቶ ከአንድ ነገር ላይ ይጣበቅና እንደገና ፖሊፕ ይሆናል። ቁጥቋጦውና ጄሊፊሹ አንድ ሕይወት ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ይወጣል።

ለ19ኛው ምዕተ ዓመት ተመራማሪዎች ግን ሁለቱ አንድ ሆነው የሚታዩበት ዕድል ጠባብ ነበር። የፖሊፕ ሊቃውንት ከባሕር ዳርቻ የለቀሙትን ቁጥቋጦ በአጉሊ መነጽር ይመረምሩ ነበር፤ የሜዱሳ ሊቃውንት ደግሞ ከጀልባ ላይ በስስ መረብ የያዙትን። እያንዳንዱ ወገን ለያዘው አካል የራሱን ዝርያ፣ የራሱን ወገን፣ የራሱን ቤተሰብ ሰየመ። ሁለት የምደባ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ቆመው እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ዘለቁ። ዛሬ ከሃይድሮይድ ክፍለ ምድቦች አንዱ የሚጠራበት «አንቶአቴካታ» የሚለው ስም የዚያ ዘመን ጠባሳ አለበት፤ «አንቶሜዱሳ» ከሚለው የሜዱሳ ስምና «አቴካታ» ከሚለው የፖሊፕ ስም ተገጣጥሞ የተሠራ ነውና።

የችግሩን መልክ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ከጣፋጭ ውኃ የተገኘው ምሳሌ ነው። በ1880 በለንደን ሬጀንትስ ፓርክ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ፣ ቪክቶሪያ የምትባለው ግዙፍ የውኃ አበባ በምትበቅልበት የሞቀ ገንዳ ውስጥ ትንንሽ ጄሊፊሾች ሲዋኙ ታዩ። ሬይ ላንኬስተርና ጆርጅ ኦልማን በጥቂት ቀናት ልዩነት ሁለት የተለያዩ ስሞች አወጡላቸው። የቅድሚያው ክርክር በላንኬስተር ረትቶ «ክራስፔዳኩስታ ሶወርቢ» የሚለው ስም ጸና። በ1885 ደግሞ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ አካባቢ ኤድዋርድ ፖትስ የሚባል ተመራማሪ ክንድ የሌለው፣ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ የጣፋጭ ውኃ ፖሊፕ አግኝቶ «ማይክሮሃይድራ ራይዴሪ» አለው። ፖሊፑ ሜዱሳ ሲያቆጠቁጥ ታይቶ፣ ሜዱሳውም እስኪጎለምስ ተከትለውት ከለንደኑ ጄሊፊሽ ጋር አንድ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አሥርት ዓመታት አለፉ። ከዚያ በኋላ ማይክሮሃይድራ ራሱን የቻለ እንስሳ መሆኑ ቀርቶ ከተመሳሳይ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

በዚህ ታሪክ ሁለቱም ወገኖች ያዩትን በትክክል ገልጸዋል፤ ናሙናቸውም መግለጫቸውም እውነት ነበር። የጎደላቸው የሁለቱን አካላት ዝምድና የሚያሳይ የሕይወት ዑደት ማስረጃ ነው። ተቃራኒው አደጋም በሃይድሮይዶች ዘንድ አለ። የኦቤሊያ ቁጥቋጦ ነጻ ሜዱሳ ይለቃል፤ እጅግ የሚመስለው የላኦሜዲያ ቁጥቋጦ ግን ሜዱሳ አይለቅም። ፖሊፑን ብቻ ያየ ሁለቱን ሊያቀላቅል ይችላል። የኦቤሊያ ሜዱሳዎች ደግሞ በበኩላቸው እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ዝርያቸውን ከመልካቸው ብቻ ለይቶ መናገር እጅግ ያዳግታል። ስለዚህ ቅርጽ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የምርምር ታሪክም አይርቅም። በ1962 የእስራኤል የደቡብ ቀይ ባሕር የጥናት ጉዞ በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ የሰበሰባቸውን ሃይድሮይዶች መርምሮ በ1967 ዘገባ ያወጣው የሆላንዱ ሊቅ ቪለም ቨርቮርት ነው። በዚያ ዘገባ ውስጥ የሰፈሩት ስሞች ከቀይ ባሕር የወጡ ናሙናዎችን ከሌሎች ባሕሮች ናሙናዎች ጋር በማነጻጸር የተገኙ ናቸው። ይህ የንጽጽር ሥራ ለውስጥ ውኃ ዓሦች የሚያስፈልገው ሥራ ራሱ ነው።

ከሩፔል እስከ ባኒስተር

ለኢትዮጵያ ትልልቅ ባርቡሶች የመጀመሪያዎቹን ሳይንሳዊ ስሞች የሰጠው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደርና ጣና ዘለቀ፤ የሰበሰባቸውንም ናሙናዎች በፍራንክፈርት ለሚገኘው ለዘንከንበርግ ሙዚየም አስረከበ። ላቤኦባርቡስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው እርሱ ነው። «ኢንተርሜዲየስ» ማለትም «መካከለኛ» የሚለውን የዝርያ ስም የሰጠውም እርሱ ነው። ዛሬ ከቆቃ የሚወጣው ቢልጫ የሚጠራበት ስም በዚህ መንገድ ከጣና አካባቢ ናሙና ጋር የታሰረ ነው።

ከሩፔል በኋላ ትልቁን የስያሜ ሥራ የሠራው በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም የነበረው ጆርጅ ቡላንዤ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦችና ሰብሳቢዎች የላኩለትን ዓሦች እየመረመረ በርካታ አዳዲስ የባርቡስ ዝርያዎችን ገለጸ። ከስሞቹ ብዙዎቹ ናሙናው የተገኘበትን ውኃ ይጠቁማሉ፤ ከዝዋይ ሐይቅ «ዙአይከስ»፣ ከጉደር ወንዝ «ጉዳሪከስ»፣ ከአዋሽ ገባር ከከሰም ወንዝ «ካሳሜንሲስ» ተባሉ። አንዳንዱ ዝርያ የተመሠረተው በጥቂት ናሙናዎች ላይ ሲሆን፣ መለያ ሆነው የቀረቡትም የከንፈር ውፍረት፣ የአፍ አቀማመጥ፣ የራስ ርዝመትና የጀርባ ክንፍ እሾህ ጥንካሬ የመሳሰሉ ባሕርያት ነበሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ተጨማሪ ስሞች ጨመሩ። ከዝዋይ የተገለጸው «ባርቡስ ኢትዮፒከስ» የ1939 ስያሜ ነው።

በ1973 ኪት ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርቡሶች እንደገና መረመረ። በሙዚየም የተከማቹትን ናሙናዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲለካ፣ ለመለያ የቀረቡት ባሕርያት ከናሙና ወደ ናሙና ቀስ በቀስ የሚሸጋገሩ ሆነው አገኛቸው። ስለ ከንፈር ውፍረት የተሰጠው ስም ከንፈሩ መካከለኛ የሆነ ዓሣ ሲመጣ የሚቆምበት ወሰን ያጣል። በዚህም መሠረት ባኒስተር አሥርታት የሚቆጠሩ ስሞችን ጠቅልሎ በአንድ ዝርያ ሥር አስገባቸው። የዙአይከስ፣ የጉዳሪከስና የካሳሜንሲስ ስሞች የኢንተርሜዲየስ ተመሳሳይ ስሞች ሆኑ፤ የጣና ትልልቅ ባርቡሶችም በአንድ ስም ተጠሩ። ቆቃ ሐይቅ በ1960 የአዋሽ ወንዝ ግድብ ከተጠናቀቀ በኋላ የተፈጠረ በመሆኑ፣ በውኃው ያለው ቢልጫ በጥናት መታየት በጀመረበት ጊዜ ይህ ሰፊ ስም ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

የጣና ፈተና

የባኒስተር ውሳኔ ከመጠን በላይ የበዙትን ስሞች ከማስወገዱ አንጻር ጠቃሚ ነበር። ሆኖም በሙዚየም ማሰሮ ውስጥ ያለ ዓሣ ምን ይበላ እንደነበር፣ የት ይራባ እንደነበር፣ ከማን ጋር ይዳቀል እንደነበር አይናገርም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናኸልከርከ፣ ፈርዲናንድ ሲቢንግና ባልደረቦቻቸው ጣና ላይ የጀመሩት ሥራ ይህን ጎደሎ የሚሞላ ሆነ። በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ በሐይቁ ውስጥ እርስ በርስ የሚለያዩ በርካታ የቅርጽ ምድቦች መኖራቸውን አሳዩ። እነዚህ ምድቦች በአካል መለኪያ ብቻ ሳይሆን በሚበሉት ምግብና በሚኖሩበት የሐይቅ ክፍልም ይለያዩ ነበር። በ2000 ባወጡት የስያሜ ሥራ የጣናን ብቸኛ ዝርያዎች 15 አደረሱ፤ ከእነዚህ ውስጥ «ኦሴንሲስ» የተባለው አዲስ ሲሆን ስሙ ለመምህራቸው ለያን ኦሰ የተሰጠ መታሰቢያ ነው።

ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ዋና ምግባቸው ሌላ ዓሣ ነው። ይህ ለካርፕ ቤተሰብ ያልተለመደ ነው፤ የቤተሰቡ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ምግባቸውን የሚያደቅቁት በጉሮሯቸው ባሉ ጥርሶች ነውና። «ነጂያ» የተባለው ወፍራም ከንፈር አለው፤ «አኩቲሮስትሪስ» አፍንጫው ሹል ነው፤ «ሜጋስቶማ» አፉ ሰፊ ነው። ስሞቹ ከመልክ የተወሰዱ ቢሆኑም ዝርያዎቹን በሁለት እግር ያቆማቸው የመራቢያ ባሕርይ ማስረጃ ነው። ሰባት ያህሉ በክረምት ማብቂያ ላይ እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች እየወጡ በጠጠራማና ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ የአወጣጣቸው ወቅትም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ሌሎቹ በወንዞቹ ውስጥ ስላልተገኙ በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታመናል። በቦታና በጊዜ ተለያይተው የሚራቡ ዓሦች የዘር መሥመራቸው እየተለያየ ይሄዳል።

ይህ መደምደሚያ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። የኢትዮ-ሩሲያ የጋራ ሥነ ሕይወት ጉዞ ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን በዓሦቹ ዕድገት ላይ አደረጉ። የጣና ባርቡሶች ትንንሽ ሳሉ እርስ በርስ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው የሚጎላው አካላቸው እየፋፋ ሲሄድ፣ የተለያዩ የአካል ክፍሎች በተለያየ ፍጥነት በማደጋቸው ነው። ስለዚህ ትንሹን ዓሣ የያዘ ተመራማሪ የየትኛው ምድብ አባል እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ነገሩ ከሃይድሮይዱ ጉዳይ ጋር ጎረቤት ነው፤ አንዱ እንስሳ በሕይወቱ ዘመን ከአንድ በላይ መልክ ሲኖረው በአንዱ መልክ ላይ የተመሠረተ ስም ግማሹን ሕይወት ብቻ ይገልጻል።

የዘረመል ጥናቱም ቀላል መልስ አልሰጠም። በናኸልከርከና ባልደረቦቹ በ2015 የታተመው ሥራ በጣና ዝርያዎች መካከል ያለው የዘረመል ርቀት ጥልቀት የሌለው መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው፤ ከሐይቁ ወለል የተወሰደ ደለል ጣና ከ15 ሺህ ዓመታት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር ስለሚያመለክት፣ ዝርያዎቹ በዛሬው ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ ከሆነ ጊዜው አጭር ነው። ሁለተኛው የዓሦቹ ዘረመል አወቃቀር ነው። የኢትዮጵያ ትልልቅ ባርቡሶች ስድስት እጥፍ የክሮሞዞም ስብስብ ያላቸው ሲሆኑ፣ የክሮሞዞማቸው ቁጥር 150 ገደማ ይደርሳል። በእንስሳት ዝርያ መለያነት የሚዘወተረው የማይቶኮንድሪያ ዘረመል በበኩሉ ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑ፣ በቅርብ ጊዜ ስለተከሰተ መለያየትና ስለ መዳቀል የሚናገረው ውስን ነው። የዘረመል ርቀት ማነሱ ብቻውን ዝርያዎቹ አንድ ናቸው አያሰኝም፤ የቅርጽ ልዩነት መኖሩም ብቻውን ብዙ ናቸው አያሰኝም።

ስም የሚያስከትለው

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ሆኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን የዓሣ ሀብት የሚቆጠረው በስም ነው። በ1986 በጣና ላይ በሞተር ጀልባ የሚደገፍ የመረብ ማሥገር ተጀመረ። መረቦቹ ባርቡሶቹ ለመራባት በሚሰበሰቡበት ወቅት በወንዝ አፎች ላይ ሲጣሉ የሚያዘው ዓሣ በገበያ ሚዛን ላይ አንድ «ባርቡስ» ነው። የማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የትልልቅ ባርቡሶች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አመለከተ።

በአንድ ስም የተመዘገበ ስታቲስቲክስ ይህን መቀነስ በጥቅሉ ሊያሳይ ይችላል፤ ከ15ቱ የትኞቹ እንደተጎዱ ግን አያሳይም። ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ሲመናመኑ በሐይቁ የሚራቡት ቦታቸውን ቢይዙ፣ በሠንጠረዡ ላይ «ባርቡስ አገገመ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የአደጋ ደረጃ የሚሰጠው በዝርያ ስም ነው፤ ስም የሌለው ዓሣ በአደጋ ላይ ነው ሊባል አይችልም። በኢትዮጵያም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሥራ ላይ የሚውለው አሥጋሪውና ተቆጣጣሪው የትኛው ዓሣ፣ መቼና የት እንደሚጠበቅ ተለይቶ ሲነገራቸው ነው።

ያለ አግባብ የበዙ ስሞችም የራሳቸው ጉዳት አላቸው። በሁለት በሦስት ናሙና የተሰየመ ዝርያ በሌላ ተመራማሪ እጅ ዳግመኛ ሊለይ ካልቻለ፣ በስሙ የተሠራው ጥናት ሁሉ ከሌላ ጥናት ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ባኒስተር የጠቀለላቸው ስሞች ለአሥርት ዓመታት ያደረሱት ችግር ይኸው ነበር።

ከቆቃ አንጻር

ቆቃ ለዚህ ጥያቄ የራሱ ጠቀሜታ አለው። ጣና የዓባይን ፏፏቴ ከበስተታቹ አድርጎ ለሺህ ዓመታት ተነጥሎ የኖረ ሐይቅ ነው። ቆቃ ግን የተወለደበት ዓመት የሚታወቅ ውኃ ነው። ከ1960 በፊት በሥፍራው የነበረው የአዋሽ ወንዝ ነው፤ ከአዋሽ የመጣ ቢልጫ የወንዝ ዓሣ ሆኖ ሳለ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተንጣለለ ውኃ ገጠመው። የምግብ ዓይነቱ፣ የውኃው ጥልቀትና የብርሃኑ መጠን ተለወጠ። ግድቡ ከበታች ያለውን ወንዝ ከበላዩ ለየ፤ ወደ ሐይቁ የሚገቡት አዋሽና ሞጆ ግን ወደ ላይ ለሚወጣ ዓሣ መንገድ ሆነው ቀሩ። በቆቃና በወንዙ ናሙናዎች መካከል የቅርጽ ልዩነት በሚታይበት ጊዜ ልዩነቱ ውኃው በዓሣው ዕድገት ላይ ያሳረፈው ተጽዕኖ ነው ወይስ የዘር መለያየት የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በሚታወቅ የጊዜ ልክ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ጣና ላይ አይገኝም።

ጥያቄው አጣዳፊ የሚሆንበት ምክንያትም አለ። የቆቃ ውኃ ማይክሮሲስቲስ በሚባለው መርዛማ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ተደጋግሞ ይሸፈናል፤ የሞጆ ወንዝም የኢንዱስትሪ ፍሳሽ ይሸከማል። ቢልጫ ለመራባት ንጹሕና ጠጠራማ የወንዝ ውኃ የሚፈልግ ከሆነ፣ በሞጆ በኩል የሚወጣው ክፍልና በአዋሽ በኩል የሚወጣው ክፍል እኩል ዕድል አይኖራቸውም። ሁለቱ ክፍሎች አንድ የሚዳቀል ሕዝብ ከሆኑ የአንዱ ጉዳት በሌላው ሊካካስ ይችላል፤ ካልሆኑ አንዱ ማንም ሳያውቀው ሊጠፋ ይችላል።

ከሃይድሮይዶችና ከጣና ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ወደ መስክ ሥራ ሲተረጎም ጥቂት ግልጽ ልማዶችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ናሙና ማስቀመጥ ነው። በጽሑፍ የተጠቀሰ እያንዳንዱ ዝርያ ቢያንስ ጥቂት የተመዘገቡ ናሙናዎች እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባለ ቋሚ ስብስብ ውስጥ ሊኖሩት ይገባል፤ ስሙ በኋላ ቢለወጥ ጥናቱን የሚያድነው ያ ናሙና ነው። ሁለተኛው በመጠን የተደረደረ ስብስብ ነው። ገበያ የሚደርሰውን ትልቅ ዓሣ ብቻ መለካት የሃይድሮይዱን ሜዱሳ ብቻ እንደማየት ነው፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው ዕድገት አብሮ መታየት አለበት። ሦስተኛው ጾታ፣ የመራቢያ አካል የብስለት ደረጃ፣ ቀንና ትክክለኛ ሥፍራ በየናሙናው መመዝገብ ነው፤ የመራቢያ መለያየት የሚታወቀው በዚህ ነውና። አራተኛው ከየናሙናው ትንሽ የክንፍ ቁራጭ ለዘረመል ጥናት በጠንካራ አልኮል ውስጥ ማቆየት ነው።

የመጨረሻው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። «ላቤኦባርቡስ ኢንተርሜዲየስ» የሚለው ስም ሁለት ስፋት አለው፤ በባኒስተር አረዳድ ከጣና እስከ ኬንያ የሚዘረጋ ሰፊ ዝርያ፣ ከጣናው ክለሳ በኋላ ባለው አረዳድ ደግሞ ጠበብ ያለ። ተመራማሪው ስሙን በየትኛው ስፋት እንደተጠቀመበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢገልጽ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው አንባቢ የቆቃውን መረጃ በትክክለኛው ሥፍራ ሊያስገባው ይችላል። ዝርያውን ለመለየት ማስረጃ ሳይበቃ ሲቀርም ያንኑ በግልጽ ጽፎ የናሙናውን ቁጥር መስጠት፣ እርግጠኛ ያልሆነ ስም ከመስጠት ይሻላል።

ማጠቃለያ

ማይክሮሃይድራ የሚለው ስም ከሥራ የወጣው ፖሊፑን በትዕግሥት የተከታተሉ ሰዎች ጄሊፊሹ ከእርሱ ሲወጣ በማየታቸው ነው። የጣና ዝርያዎች ከአንድ ስም ሥር የወጡትም በወንዞቹ ዳር ቆመው ዓሦቹ መቼና የት እንደሚራቡ የመዘገቡ ተመራማሪዎች ስለነበሩ ነው። በመጀመሪያው ሁለት ስሞች አንድ ሆኑ፤ በሁለተኛው አንድ ስም ብዙ ሆነ። በሁለቱም ማስረጃው የተገኘው ከሕይወት ዑደቱ ነው፤ ቅርጽ ምስክር ሆነ እንጂ ዳኛ አልሆነም። የቆቃ ቢልጫ እስካሁን ይዞት የቆየው ስም ከሌላ ውኃ የተወሰደ፣ በሌላ ዘመን የሰፋ ስም ነው። ስሙ ይገባው እንደሆነ የሚታወቀው ዓሣው ከትንሽነቱ እስከ መራቢያው፣ ከሐይቁ እስከ ወንዙ ድረስ ሲጠና ነው።